ሦስተኛውን ሽምግልና ሲጠብቁ የኖሩት የአቶ ዳኘው ዘሩ የሕይወት ታሪክ (1936–2009 ዓ.ም.)

አቶ ዳኘው ዘሩ ከአባታቸው ከአቶ ዘሩ ካሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም አየነው በ1936 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን የጻፈ ሰው የለም። እናታቸው ግን «ምጡ የያዘኝ በርበሬ ስለቅም ነው» ይሉ ስለነበር ወሩ ኅዳር እንደሚሆን ቤተሰቡ ይገምታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። የኔታ ለቅኔ ቤት አስበዋቸው ነበር። ሆኖም አባታቸው በድንገት ስላረፉ ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ገና በልጅነታቸው ሞፈር ጨበጡ። ትምህርቱ ስለቀረባቸው ሲያዝኑ ኖረዋል። ያገኙትን ሁሉ እያነበቡ ራሳቸውን አስተማሩ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም የመንደሩን አዋቂዎች ካስተማሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ ንግሥቴ አለሙ ጋር ጋብቻ መሥርተው አሸናፊን፣ ያምሮትን፣ ወንዳወቅን እና ሰርካለምን ወለዱ። ጤፍና በቆሎ እያረሱ፣ በርበሬ እያመረቱ፣ ከብት እያረቡ ልጆቻቸውን ሁሉ ትምህርት ቤት ላኩ። ሰርካለም የመጨረሻዋ ነበረች። ታላላቆቿ ጎጆ ከወጡ በኋላ ከአባቷ ጋር የምትውል፣ በሁሉ ነገር የምትከራከራቸው ልጅ ነበረች። ሲሸነፉ «ንግሥቴ፣ ነይ ገላግይኝ፤ ይች ልጅ ዳኛውን ራሱን ልትከስ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ በኋላ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ሕዝቡ ዳኛ አድርጎ መረጣቸው። አገር ያወቃቸው ግን ከችሎቱ ይልቅ በሽምግልናቸው ነው፤ ከሽምግልናም በደም ሽምግልና።

በእኛ አገር ደም በአንድ ጉዞ አይደርቅም። የገዳይ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ቄስና ሽማግሌ አስቀድሞ ከሟች ቤተሰብ ደጅ ይወድቃል። በመጀመሪያው ጉዞ ተበዳዩ እሺ አይልም። እሺ ካለ ሟቹን አቀለለ ይባላል። በሁለተኛው «ላስብበት» ይላል። በሦስተኛው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርዳል፣ መስቀል ይሳማል፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። ድንጋዩን ከተበዳዩ በቀር ማንም አይነካውም። ይህን ሦስተኛውን ጉዞ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ አልፎም እስከ ሽንዲ ድረስ የሚመሩት አቶ ዳኘው ነበሩ። እሳቸው የመሩት ሦስተኛ ጉዞ እንቢ ተብሎ አያውቅም።

በ1989 ዓ.ም. በመሬት ሽግሽጉ ሰሞን የጎረቤታቸው የአቶ እጅጉ ታናሽ ወንድም በድንበር ጠብ ተገደለ። አቶ እጅጉ ጠመንጃቸውን ወልውለው ተቀመጡ። አቶ ዳኘው የገዳዩን ወገን ይዘው ሦስተኛውን ጉዞ ሄዱና ከአቶ እጅጉ ደጃፍ ተቀምጠው እህል አልቀምስም አሉ። አቶ እጅጉም አልበላም አሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አቶ ዳኘው «እንግዲህ እጅጉ፣ ሁለታችንም እዚሁ እንሙትና ሚስቶቻችን ይታረቁልን» አሉ። አቶ እጅጉ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ተነሥተውም ድንጋዩን አወረዱ። የወንድማቸው ገዳይ ቤተሰብ ዛሬም የክርስትና ዘመዳቸው ነው።

ሰርካለም በደብረ ማርቆስ የመምህርነት ትምህርቷን ትከታተል ነበር። በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ ቤቷ ስትመጣ የተሳፈረችበት አውቶብስ ደምበጫን እንዳለፈ በጭነቱ መካከል የተደበቀ ቦንብ ፈነዳ። ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር በሃያ ሁለት ዓመቷ አረፈች። አቶ ዳኘው አስከሬኗን ሲቀበሉ አላለቀሱም። ቀብሯን ቆመው አስፈጸሙ፣ ለቅሶኛውን አስተናገዱ። ንፍሮው ሲዞር «ለልጅቱም ያዝላት» ብለው ለአንዱ ጎረቤት ሲናገሩ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስመኘው ክንፈሚካኤል የተባለ የሽንዲ ልጅ ተያዘ። አባቱ ቄስ ክንፈሚካኤል ቀደም ብለው ያረፉ፣ እሱም ቡሬ ውስጥ የቀን ሥራ እየሠራ የሚኖር ወጣት ነበር። አንድ የታጠቀ ቡድን የሰጠውን ጆንያ አውቶብሱ ላይ መጫኑን፣ ውስጡ ያለውን ማወቁን፣ ራሱም ደምበጫ ላይ መውረዱን በችሎት አልካደም። ከአጠገቡ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊትም «እማማ፣ ከዚህ ይውረዱ፤ ሌላ መኪና ይሻልዎታል ብሎ ለመነኝና ወረድሁ» ብለው መሰከሩ።

ፍርዱ ሳይሰጥ ቀበሌው ስለ ሽብር ወንጀል ሕዝቡን ለስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። ሰው ሁሉ አቶ ዳኘው የምሕረት ቃል ይናገራሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ተነሥተው የተናገሩት ይህን ነው፦

«እርቅ የተጣሉ ሰዎች መድኃኒት ነው። የኔ ልጅና ይህ ሰው መቼ ተጣሉ? በየትኛው ድንበር? በምን ቂም? ስሟን እንኳ አያውቀውም። ፊት አይቶ፣ ተበድሎ፣ ተናዶ የገደለን ሰው እለምንለታለሁ፤ ስለምን ኖሬያለሁ። ያልተጣላውን የገደለን ግን ከማን ጋር ላስታርቀው? መንግሥት ይስቀለው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የነፍስ አባታቸው አባ ሃይለ ሚካኤል ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ። «ልጄ ዳኘው፣ መንግሥት የሚሰቅለው በሕዝብ ስም ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ እኔና አንተ ነን። ሰው የገደለ ቄስ አይቀድስም። እኔ ይህን ሰው ከሰቀልሁ በኋላ እንዴት አድርጌ መቅደስ እገባለሁ?» አሉ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አባ፣ እነሱ ሲያፈነዱ ለማን ቅዳሴ ተጨነቁ?» አለና ሰው ሳቀ። ሌላው ደግሞ «አሮጊቷን አውርዷል እኮ፤ ልቡ ጨርሶ አልሞተም» አለ።

አቶ ዳኘው ወደ ተናጋሪው ዞሩ። «አሮጊቷን ማውረድ ከቻለ ልጄንም ማውረድ ይችል ነበር» አሉ።

አቶ እጅጉም ካሉበት ሳይነሡ «አያ ዳኘው፣ ለኔ ወንድም ሲሆን እርቅ፣ ላንተ ልጅ ሲሆን ገመድ?» አሏቸው። አቶ ዳኘው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከዚያ ወዲያ እስከ ሁዳዴ ድረስ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ስመኘው በሞት እንዲቀጣ ወሰነ። የሞት ፍርድ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ካላጸደቁት አይፈጸምምና ጉዳዩ በእንጥልጥል ቆየ። ለእናቱ ለወይዘሮ አልጣሽ የሕግ አዋቂዎች አንድ ተስፋ ሰጧቸው፤ ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለወጥ ልመና ሲቀርብ ከሟች ቤተሰብ የእርቅ ቃል ከተገኘ ልመናው ይደመጣል የሚል። ከሌሎቹ ሟቾች ቤተሰቦች ቃላቸውን የሰጡ ነበሩ። የቀሩት ግን «ዳኘው ያለውን እንላለን» አሉ። የስመኘው ነገር እንዲህ ሆኖ በአቶ ዳኘው አንደበት ላይ ቆመ።

የሰርካለም ሙት ዓመት በወጣ በመጀመሪያው እሑድ ወይዘሮ አልጣሽ ከሽንዲ ሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ ድንጋይ በማጅራታቸው አድርገው ከአቶ ዳኘው ደጃፍ ወደቁ። «አያ ዳኘው፣ ልጄ በድሏል። አልዋሽም፣ በድሏል። የሞተችውን አላመጣልዎትም፤ ያለውን ግን አንቱ ያኑሩልኝ» አሉ።

አቶ ዳኘው ከበራፉ ቆመው «የመንግሥት እስረኛ ነው። የሚለመነውም መንግሥት ነው» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በመጀመሪያው ጉዞ እንቢ ማለት ሥርዓት ነውና በዚህ የተገረመ አልነበረም። የተለመደው ሥርዓት ግን እንቢ ያለውም ቢሆን «ተነሡ» ብሎ እንዲሸኝ ነው። አቶ ዳኘው ይህን ሳይሉ ቀሩ። ወይዘሮ አልጣሽ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ተንበርክከው ቆዩ፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ ድንጋዩን ለመንካት የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ወይዘሮ ንግሥቴ ከጓዳ ወጥተው ድንጋዩን አወረዱላቸው።

«ንግሥቴ! በማን ሥልጣን?» አሉ አቶ ዳኘው ከውስጥ።

«ባማጥሁበት ሥልጣን» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ።

ሽማግሌዎቹ ግን አባወራው ቃል ሳይሰጥ የእናት ብቻ አይበቃም ብለው ይህን እንደ እርቅ አልቆጠሩትም። ባልና ሚስቱም በዚህ ነገር ለብዙ ጊዜ ተነታረኩ። ወይዘሮ ንግሥቴ «የአልጣሽ ልጅ ቢሰቀል ሰርካለም ለትንሣኤ ትመጣለች?» ይሏቸው ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ በ2004 ዓ.ም. አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ መጣ። አባ ሃይለ ሚካኤል ራሳቸው መስቀል ይዘው ከሽንዲዎቹ ጋር ገቡ። አቶ ዳኘው መስቀሉን ተሳልመው «ላስብበት» አሉ። ወይዘሮ አልጣሽንም በእጃቸው ደግፈው አነሷቸው። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ እንዳለቀ ገባው። ወይዘሮ ንግሥቴ በዚያው ሳምንት ለእርቁ ገበታ የሚታረደውን በግ ለይተው ማድለብ ጀመሩ። አቶ ዳኘው ይህን አይተው አልተቃወሙም። ለልጃቸው ለያምሮትም «ሦስተኛውን ሲመጡ ድንጋዩን አወርዳለሁ» ብለው ነግረዋታል።

ሦስተኛው ጉዞ ሳይመጣ ቀረ።

የቀረበትን ምክንያት ቤተሰቡ የተረዳው ዘግይቶ ነው። የሽንዲ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ተሰብስበው ነበር። ሦስተኛውን ጉዞ መምራት የሚችል፣ ቃሉ የማይመለስ ሰው ሲፈልጉ ሁሉም የሚጠሩት ስም አንድ ሆነ። «ይህንን ሲመራ የኖረ ዳኘው ነው። ታዲያ ወደ ዳኘው ማን ይምራን? ደፍረን ሄደን እንቢ ቢለን ከዚያ ወዲያ ሌላ ጉዞ የለም፤ ልጁንም በገዛ እጃችን ገደልነው ማለት ነው» አሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ብቻዬን ልሂድ ቢሉ ከለከሏቸው። «ሰው ሳይላክብን፣ ምልክት ሳናይ አትሂጂ» አሏቸው። ሽንዲዎች ከማንኩሳ ምልክት ሲጠብቁ፣ አቶ ዳኘው ደግሞ ከሽንዲ እግር ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ።

በየዓመቱ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አቶ ዳኘው የታጠበ ጋቢ ለብሰው ከበራቸው ይቀመጡ ነበር። መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ይላሉ። አባ ሃይለ ሚካኤል «ሰው ላክባቸው እንጂ» ቢሏቸው «ይመጣሉ» ይላሉ። ያምሮት አንድ ጊዜ ደፍራ «አባየ፣ ለምን እርስዎ አይሄዱም? ሽንዲ እኮ ሩቅ አይደለም» አለቻቸው። «ተበዳይ ደጅ ጠንቶ ይቅርታ የሚሰጥበት አገር የት አለ፣ ልጄ?» አሏት። በጉም አረጀ። አቶ እጅጉ በዚያ ሲያልፉ «ንግሥቴ፣ ይህ በግ እኛን ሊቀብር ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ለማን እንደሆነ አቶ ዳኘው ያውቁ ነበር።

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለገበያ ቡሬ ወርደው ሳለ አንድ የሽንዲ በርበሬ ነጋዴ ሳያውቃቸው ለጓደኛው «የአልጣሽ ልጅ እስር ቤት ታሞ ሞተ። ሬሳውን ትናንት አስገባን» ሲል ሰሙ። ስመኘው ሳይሰቀልም ምሕረት ሳያገኝም ሞተ። አቶ ዳኘው ያወረዱትን በርበሬ እዚያው ትተው በተገኘው መኪና ሽንዲ ሄዱ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ያወቃቸው ሁሉ ተነሣ፤ ወይዘሮ አልጣሽ ግን አልተነሡም።

«አያ ዳኘው፣ ያንቱ ልጅ ሬሳዋ መጣ። የኔም ይኸው መጣ። አሁን እኩል ሆንን?» አሏቸው።

ለሰው ሁሉ ቃል የማያጡት አቶ ዳኘው ከለቀስተኛው ፊት እንደቆሙ ቀሩ። ጥቂት ቆይተው ወይዘሮ አልጣሽ «ይቀመጡ። ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም» አሉ። ተቀመጡ፤ ንፍሮውንም ተቀበሉ። ለሰርካለም ያላፈሰሱትን እንባ በዚያ ቤት አፈሰሱት። ሲወጡ ይቅርታ ለመጠየቅ አስበው እንደነበር፣ አፋቸው ግን እንዳልታዘዘላቸው ለወይዘሮ ንግሥቴ ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሽንዲ የመመለስ አቅም አላገኙም። «በምን ፊቴ?» ይሉ ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የደም ሽምግልና መምራት ተዉ። ሰው በደም ተጣላ ሲባል ግን ሽማግሌ ሳይላክ ብቻቸውን ወደ ተበዳዩ ቤት እየሄዱ «ለሟቹ ክብር ብለህ እንቢ የምትል ከሆነ አንድ ጊዜ ይበቃል። በሁለተኛው ታረቅ፤ ሦስተኛው የማይመጣ ጊዜ አለ» ይሉ ነበር። ይህን ሰምተው በሁለተኛው ጉዞ የታረቁ ቤተሰቦች ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ አሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ዳኘው ሥርዓት አፈረሰ» ብለው ወቅሰዋቸዋል።

ወጣቶች ስለ ሞት ፍርድ ሲከራከሩ በመጡ ቁጥር የሳቸውን ሐሳብ ይጠይቋቸው ነበር። ሽብር የፈጸመ ይሰቀል የሚሉትን አልተሳደቡም፤ እነሱን አንድ ጊዜ ሆነው አይተዋልና። «ስለ ሕጉ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ይሰቀል ስል ልቤ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ይኸው ሞተ፤ አላረፈም» ብለው ይተዋሉ።

አቶ ዳኘው ለረጅም ጊዜ የደም ግፊት ሕመም ነበረባቸው። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይቷል። ንግግራቸው በመጨረሻ ተመልሶላቸው ነበር። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ቤተሰባቸውን መርቀው፣ ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ንግሥቴ አለሙን፣ ልጆቻቸውን አሸናፊን፣ ያምሮትንና ወንዳወቅን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ዛሬ ግንቦት 12 ቀን ከልጃቸው ከሰርካለም አጠገብ ያርፋሉ።

አቶ ዳኘው ከማረፋቸው በፊት ልጆቻቸውን ሰብስበው የሕይወት ታሪካቸው በሚነበብበት ጊዜ ውዳሴ እንዳይበዛ፣ ይልቁንም ይህ ቃላቸው በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አዘዋል፦

«እኔ ዳኘው ዘሩ ስመኘው ክንፈሚካኤልን ይቅር ብያለሁ። በሕይወት ሳለ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ክብሬን ስጠብቅ ሳልለው ሞተ። እናቱ ወይዘሮ አልጣሽ ይቅር ይበሉኝ።»

መርዶው ለሽንዲ ተልኳል። ይህ ሲጻፍ ወይዘሮ አልጣሽ መምጣት አለመምጣታቸው አልታወቀም። መጥተው ከሆነ መልሱ የእሳቸው ነው፤ ቢሰጡም ቢነፍጉም ቤተሰቡ ቅር አይለውም። ካልመጡ ግን ሰልስቱ እንዳለቀ ወይዘሮ ንግሥቴና ልጆቻቸው ሽማግሌ ሳያስቀድሙ፣ ምልክትም ሳይጠብቁ ወደ ሽንዲ ይሄዳሉ።

እግዚአብሔር የአባታችንን የአቶ ዳኘውን፣ የእህታችንን የሰርካለምን፣ የወይዘሮ አልጣሽን ልጅ የስመኘውንም ነፍስ በአንድ ምሕረት ይቀበል። አሜን።